ሰው የለኝም ያልኩበት ቪዲዮ

ምግብ የማበስልበት ቤት ሲዘጋ ለማንም አልተናገርኩም። እንደ ወትሮዬ ጠዋት ሻርፔን አስሬ እወጣለሁ፣ የአምቦን ገበያ ዞሬ ዞሬ እግሬ ሲዝል እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው እትዬ ፋንቱ እንዳታውቅ ነው። እትዬ ፋንቱ የሟች ባሌ ታላቅ እህት ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እሷ ግቢ፣ ከሱቋ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ኪራይ ጠይቃኝ አታውቅም። ይሄ ራሱ ይከነክነኛል። ብትጠይቀኝ ከፍዬ ቀና ብዬ በሄድኩ።

ማወቋ መች ይቀራል፣ አወቀች።

«ሱቁ ውስጥ ቁጭ በይልኝ። እኔም እግሬ እያበጠ ነው» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ በእጄ ሠርቼ ነው የበላሁት» አልኳት።

«ሱቅ በእግር ነው እንዴ የሚሸጠው?»

ግትር ናት ይሉኛል፤ ነኝ። የባል ዘመድ ደጅ እየጠበቅኩ ማርጀት አልፈለግኩም፣ አለቀ።

ፌስቡክን ያሳየችኝ አብራኝ ትሠራ የነበረች መቲ የምትባል አስተናጋጅ ናት። ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኝበት ግሩፕ አለ፤ ያምቦም፣ የጊንጪም፣ የጌዶም ሰው እዚያ ነው። «እዚህ ላይ ማንንም ሳትለምኚ ሥራ ታገኛለሽ» አለችኝ። ማንንም ሳትለምኚ ያለችው ነገር ልቤን ወሰደው።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውኩት። ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ «ወጥ ቤት ነኝ ሥራ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «እማማ፣ ጡረታ ይውጡ እንጂ» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ስቆ ስቆ አልፏል።

ለማን ነው የሚመልሱት ብዬ ሳይ ዋልኩ። አባት የለኝም ላለ፣ ታምሜ ነበር ላለች፣ ለሚያለቅስ ነው። እሱን «አይዞህ ወንድሜ» ይሉታል፤ ስልክ ይሰጡታል። እንዲህ ከሆነ እኔስ ምን ያንሰኛል አልኩ። ስልኬን ጀሪካን ላይ አስደግፌ፣ እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩና ቀረጽኩ።

«ዘቢደር እባላለሁ። ባሌ ሞቷል። ዘመድ የለኝም፣ ሰው የለኝም። እጄ ግን ሙያ አለው። ቀይ ወጥ በሉኝ፣ ቅቅል በሉኝ፣ ዱለት በሉኝ። የትም ብትጠሩኝ እመጣለሁ።»

ሰው የለኝም ስል ድምፄ ሰለለ። መልሼ ስሰማው እኔኑ አሳዘነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። ከሥሩ ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ለጠፍኩት።

አይዞሽ እናቴ የሚለው ሲበዛ ደስ አለኝ። ሰው ለሰው አስተላለፈው። እኔ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሩቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ፣ ከሱቁ በኩል የገዛ ድምፄን ሰማሁ። «ዘመድ የለኝም፣ ሰው የለኝም።» ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት ባንኮኒው ላይ ስልኳን አስቀምጣ ለእትዬ ፋንቱ እያሳየቻት ነው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች እትዬ ፋንቱ።

ሴትየዋ ደገመችላት። ቢላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መሬት አልተከፈተልኝም።

በማግስቱ ውሃ ሲመጣ እትዬ ፋንቱ ከበረንዳው ጠራችኝ።

«አንቺ ሰው የሌለሽ ሴትዮ! ውሃ መጥቷል፤ ጀሪካንሽን አውጪ።»

አቀርቅሬ ወጣሁ።

«ያውም የኔኑ ግድግዳ ተደግፈሽ» አለችና ገባች።

መቲን ለምኜ ቪዲዮውን አስጠፋሁ። አጠፋችው፤ ግን ሌሎች ወስደው በየገጻቸው አድርገውት ኖሯል። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር አንዱ ዞሮ አየኝና «እናቴ፣ ሥራ አገኙ?» አለኝ። ሳልደርስ ወረድኩ።

እንዲህ እያለሁ የእጃጂው ኦቦ ሌንጂሳ ደወለ። መንገድ ዳር፣ የነቀምቴ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ሆቴል አለው። ጉደርን ጌዶን አልፌ ሄድኩ። ሥሪና ልቅመስ አለ፤ ሠራሁ፣ ቀመሰ። ሹፌሮቹም በሉ፤ አንዱ ጭማሪ መረቅ አስመጣ። ኦቦ ሌንጂሳ እጁን እየታጠበ «ሥራው ያንቺ ነው። ተያዥ ብቻ ይዘሽ እስከ እሑድ ነይ» አለኝ።

ተያዥ ማለት አንድ ነገር ባጎድል እኔን ተክቶ የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ቤት ያለው ወይ ንግድ ፈቃድ ያለው።

«ሥራዬን አይተህ መቅጠር አይሆንም?» አልኩት።

«ማሎ፣ እባክሽ አዴ ዘቢደር! የጓዳውን ቁልፍ ነው የምሰጥሽ። የበፊቷ ከነቅቤው ነው የሄደችው። ሰው የለኝም ስትይ ልቤ ራርቶ ጠራሁሽ፤ ግን እንዴት አንድም ሰው ይጠፋል?»

አንድ ሰው ነው ያለኝ፤ እሷንም የለችም ብዬ ላገር አስወርቻለሁ።

ከእጃጂ ስመለስ ቀጥታ ሱቁ ገባሁ። ደንበኞች ነበሩ። እትዬ ፋንቱ ምስሩን ስትመዝን እንዳልመጣሁ ሁሉ ቀስ አለች። አንዱ እስኪወጣ ሌላው ይገባል። በመጨረሻ ብቻችንን ቀረን።

«ምን ልስጥሽ?»

«ተያዥ ፈልጌ ነው።»

«ለማን?»

«ለኔ። እጃጂ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ተያዥ ይዘሽ እስከ እሑድ ነይ ተብያለሁ።»

«አንቺማ ሰው የለሽም።»

«ስልክ ላይ ነው እኮ ያልኩት፣ እትዬ ፋንቱ።»

«ስልክ ላይ ያለው ሰው ምንድን ነው? ጅብ ነው? ወንድሜ ሲሞት ያስተዛዘነኝ ዕድር እንዳለ አይቶታል። ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? እንዲህ አስርበሻት ነው ወይ አሉኝ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። «ተይው በቃ» ብዬ ወጣሁ። ማን እንደበደለ የማያውቅ ቢያየኝ እኔ የተበደልኩ እመስል ነበር።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ እትዬ ፋንቱን ነጠላዋን ሳታወልቅ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ንግድ ፈቃዷን ከግድግዳ አውርዳ በፌስታል ይዛዋለች።

«ትሄጃለሽ፣ አትሄጂም?»

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ከኋላ፣ ዶሮ ከያዘ ሰውዬ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። እስከ እጃጂ ድረስ ከሰውዬው ጋር ስለ ዶሮ በሽታ ስታወራ እሰማለሁ።

ሆቴሉ ሞልቷል። ኦቦ ሌንጂሳ ተነስቶ «አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብሎ ጨበጣት። እሷም «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ» አለችው። ወንበር ሰጣት፤ ፈቃዷን አየ፤ ስሟን ጻፈ፤ እንድትፈርም እስክሪብቶውን ሰጣት።

«ምኗ ነዎት?» አላት።

እትዬ ፋንቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እሷን ይጠይቋት» አለች።

አስተናጋጆቹ ዘወር አሉ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ስትነካት አየሁ፤ ቪዲዮውን እንዳየችው ገባኝ።

«የባሌ እህት ናት» አልኩ።

«አልሰሙሽም» አለች እትዬ ፋንቱ። «ለስልኩ ጊዜ ድምፅሽ ደህና ነበር።»

አንድ ሹፌር ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ።

«የባሌ እህት ናት!» አልኩ። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ የምኖረው ቤቷ ነው። ሰው አለኝ። ውሸቴን ነበር።»

ኦቦ ሌንጂሳ እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «እንዲህ ያለውን የዋሸች፣ ቁልፍስ ይሰጣታል?» አለ፤ የጠየቀው እሷን ነው።

ሥራውም ሄደ፣ ቤቱም ሄደ ብዬ ቆረጥኩ።

«ትዋሻለች» አለች እትዬ ፋንቱ። «ጥጋበኛም ናት። የሰው ነገር ግን አትነካም። ጨው ሲያልቅባት እንኳ ከኔ ከምትጠይቅ አልጫ በልታ ታድራለች።»

ሰውየው ሳቀ። ፈረመች። ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ።

እኔ ቁልፉን ወገቤ ላይ ሳስር እትዬ ፋንቱ ወጥታለች። ተከትዬ ወጣሁ። ረዳቱ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦ እያለ ይጣራል፤ እሷ ገብታ በሩ ተዘግቷል። እጄን አነሳሁ። አየችኝ፤ ግን መስኮቱን አልከፈተችም።

ስመለስ ያቺ በክርኗ ጓደኛዋን የነካችው ልጅ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ያመጡሽ ሴትዮ ሄዱ እንዴ? ምሳ ሳይበሉ?»

ከቅዳሴ ቀጥታ ነው የመጣችው። እህል አልቀመሰችም። ያን ሁሉ መንገድ ለኔ ብላ መጥታ፣ እኔ የማበስልበት ቤት ገብታ፣ ውሃ እንኳ ጠጪ አላልኳትም።