የሸንቆ ድልድይ ቀሪ አሥራ ሦስት በመቶ

የጉርባ ወረዳ ምክር ቤት ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሸንቆ ወንዝ ላይ ያልተሠራውን ድልድይ ሪፖርት በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሐሙስ፣ የገበያ ዕለት፣ የማዶ ሰዎች ይሻገሩበት ጀመር።

ድልድዩ አይታይም። ከሥሩ ገደል ነው፤ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ቁርሱን በልቶ እጁን ይታጠባል። እግር ሲያርፍበት ግን ይጠነክራል። ሰዉ በርበሬውን ተሸክሞ፣ ዶሮውን በክንፉ አንጠልጥሎ፣ አየሩን እየረገጠ መጣ። አህዮች ብቻ እንቢ አሉ፤ አህያ ሪፖርት አይሰማም።

ሪፖርቱ «ሰማንያ ሰባት በመቶ ተጠናቋል» ይላል። ድልድዩም ሰማንያ ሰባት በመቶ ላይ አለቀ። ፊተኛው ቆመ፤ ከኋላው ያሉት ሁለት መቶ ሰዎችም ቆሙ። ወደ ኋላ የሰነዘሩት እግር ባዶ ነፋስ ያገኛል፤ ሪፖርቱ ስለ መሻገር እንጂ ስለ መመለስ ያለው ነገር የለም።

አቶ ቢሻው የምክር ቤት አባል ከሆኑ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በስብሰባ ላይ ያሸልባሉ፤ «የሚደግፍ?» ሲባል ቀኝ እጃቸው ከባለቤቱ ቀድሞ ይነቃል። ማክሰኞም የሆነው ይኸው ነው። ሐሙስ ግን እንቅልፍ ጠፋ። ማዶ የተዳረችው ልጃቸው እንጉዳይ ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቀርታለች።

አቶ ቢሻው ወደ አፈ ጉባኤዋ ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ቢሮ ገቡ።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ቀሪው አሥራ ሦስት በመቶ ዛሬውኑ ይጽደቅልኝ።»

«ምልዓተ ጉባኤ የለም እኮ ጋሽ ቢሻው። የማዶ አባላት አልመጡም።»

«የት ሄደው?»

«ድልድዩ ላይ ናቸው።»

ስለዚህ አስቸኳይ ጉባኤው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰየመ። የወዲህ አባላት ሣር ላይ ተቀመጡ፤ የማዶዎቹ አየር ላይ እንደቆሙ «አለን» አሉ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ተሟልቷል ብሎ ጻፈ።

የእንጉዳይ ጩኸት ሲያይል አቶ ቢሻው ተነሡ። «እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ድልድይ...»

ድልድዩ አንድ ስንዝር ወረደ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

«ጋሽ ቢሻው» አለ ከወዲያ አንድ በርበሬ ነጋዴ በትሕትና፣ «እውነቱን ሌላ ቀን ቢያደርጉት።»

«አባዬ ቁጭ በል» አለች እንጉዳይ ከቃሬዛው ላይ።

«የቆመው በሙሉ ድምፅ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን፤ «አንድ ሰው ከተቃወመ ሁሉም ይወርዳል።»

አቶ ቢሻው ቁጭ አሉ።

የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ስመኘው አዲሱን ሪፖርት ጉልበቱ ላይ ይጽፋል።

«ዘጠና ስምንት ብየዋለሁ» አለ።

«ሁለቱስ?»

«ይዝለሏት። መቶ ካልኩ ለከርሞ ዕቅድ ምን ይተርፈኛል?»

«ልጄ በቃሬዛ ላይ ናት ስመኘው። ቃሬዛ አይዘልም።»

ስመኘው ሰርዞ መቶ ጻፈ። ሐዘኑ ፊቱ ላይ ይታያል፤ አባቱን የቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆነም።

በዚህ መካከል እንጉዳይ ተገላገለች። ሴቶቹ በነጠላ ከልለዋት ነበር። እልልታው ሰባት ጊዜ ሆነ፤ ወንድ ነው ማለት ነው። «ደሟ አልቆም አለ፤ ቶሎ በሉ» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ሪፖርቱን በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። «የሚደግፍ?»

እጆች ሁሉ ወጡ። የአቶ ቢሻው ሁለቱም ወጡ። ከቃሬዛው ፊት፣ ከአየሩ ጫፍ፣ ሌላ አየር እየረጋ ወደ አፋፉ ሲመጣ ተሰማ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ሁለት ተራመዱ።

«የሚቃወም?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ቀና ብለው አይተው አያውቁም፤ ገጹን እየገለጡ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን እስክሪብቶውን አነሣ።

ከእንጉዳይ ነጠላ ውስጥ፣ ገና ያልታጠበ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ክንድ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። እናቱ ቀስ አድርጋ ልትመልሰው ሞከረች። አልወረደም።