ዝንብ የናቀው ዓሣ

ዝናቡ በማይጠበቅበት ወር መጣና ሠላሳ ስምንት ቀን ቆየ። ዓሣ ሞልቷል፤ ፀሐይ የለም። ቆጥ ላይ የተሰጣው ዓሣ አላበው፣ ሸተተ፣ ተላ። ሁለት ቤተሰብ ቆጡን ነቅሎ ለማገዶ ሸጠና ከሐይቁ ዳር ሄደ። የቀሩት በቀን አንዴ በሉ።

በሃያኛው ቀን ዓሣቸውን የሚያከፋፍለው ነጋዴ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው የእርሻ ተባይ መድኃኒት ነው። ዓሣው ላይ ሲረጩት ዝንቡ ረገፈ፤ ትሉም ጠፋ። ሰው ሁሉ ተገላገልን አለ። እምቢ ያለችው አንዲት ዓሣ አድራቂ ብቻ ናት፤ ስበረው የሚሏት።

ስሙን ያወጡላት ገበያተኞች ናቸው። ደረቅ ዓሣ ሲያሳዩዋት ቆዳውን አታይም፤ «ስበረው!» ትላለች። ወፍራሙ ቦታ፣ አከርካሪው ጋ፣ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ለእሷ ዓሣ አልደረቀም። በዚያ ሰሞን እንቁላል በሚያንሳፍፍ ጨው ውሃ እየዘፈዘፈች፣ በመረብ እየሸፈነች፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር እያወጣች እያስገባች ስድስት ጆንያ አደረሰች። ጎረቤቶቿ ሃያ ሃያ አደረሱ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሕፃናት ማገገሚያው ነርሷ ወደ ገበያው መጣች። ዓሣውን የምትገዛው ለዱቄት ነው፤ ከነጭንቅላቱ ከነአጥንቱ ተወቅጦ፣ ፀጉራቸው ለሳሳ፣ እግራቸው ላበጠ ልጆች ሾርባ ውስጥ ይገባል።

ነጋዴው የጎረቤቶቿን ጆንያ ከፈተላት። «እህቴ፣ ተመልከቺ። አንድ ዝንብ ብታገኚ እኔን ቀቅለሽ ብይኝ።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች። ንጹሕ ነው። የስበረው መረብ ላይ ግን ዝንብ ይርመሰመሳል። ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው።

«እማማ፣ የእርስዎን ዝንብ ወሮታል እኮ።»

«አዎ ልጄ። የሚበላ ነገር ስለሆነ ነዋ!»

ስበረው ከራሷ አንድ፣ ከነጋዴው ጆንያ አንድ ዓሣ አንስታ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አኖረች። ዝንቡ ወዲያው የእሷን አለበሰው። በሌላኛው ላይ አንዲት ብቻ አረፈች፤ ክንፏን አርገበገበችና ተገለበጠች።

«ዝንብ ምግብ መርጦ ያውቃል?» አለች ስበረው። «ይሄን ግን ናቀው። የእርሻ መድኃኒት ተረጭቶበታል። ሲታጠብ ይለቃል የሚልሽን አትመኚው።»

«ምነው ዝም ብትዪ!» ጮኸች የጎረቤቷ ሚስት። «ልጆቻችንን ምን እናብላቸው?»

«እሱን አላውቅም። ይሄን ግን አንቺም ለልጆችሽ አልሰጠሽም። ለቤትሽ ሳትረጪ ለብቻ ያስቀመጥሽውን ዓሣ አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ነጋዴው አንቱታውን ጣለው። «አንቺ ደግሞ ስለ ጥሩ ዓሣ ታወሪያለሽ? የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሰፈሩን ሙሉ አልጋ ላይ ያዋለው ዓሣ የማን ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ባለታንኳው ዞረ። እሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሰው መረብ ይጠግናል። ያን ዓሣ የሸጠው እሱ ነበር፤ «የኔ ነው» ያለውም እሱ። ከዚያ ወዲህ ከእጁ ዓሣ የተቀበለ የለም። እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ ጭነቱን ያመላለሰው ነጋዴና ስበረው። ባሏ በሞተ በወሩ ቸኩላ ኃይለኛ እሳት ላይ ብታደርቀው፣ ላዩ እንጨት ሆኖ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ባለታንኳው ያኔ «ልጆችሽን አሳድጊ፤ ኋላ ትከፍይኛለሽ» አላት። ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ። እሷ አልከፈለችም። የሚመች ቀን ስትጠብቅ ኖረች።

ነጋዴው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አፍሽን ከዘጋሽ እኔም እዘጋለሁ።»

«አትድከም፤ አፌ አስተርጓሚ አይፈልግም።» ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረች። «ስሙ! ያ ዓሣ የኔ ነበር። ሳልሰብረው ሰጠሁት። እሱ የኔን ጥፋት ተሸክሞ ኖረ፤ እኔ እያየሁ። ከዛሬ ጀምሮ መትፋት ያማረው እኔ ላይ ይትፋ። ይሄን መርዝ ግን፣ እኔ በቁሜ እያለሁ፣ ሕፃን አይበላውም!»

ማንም አልተፋም። ያጨበጨበም የለም። አንዱ «ኤጭ!» ብሎ መርጫውን በእግሩ መትቶ ሄደ።

ነርሷ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ሁለት ዓሣዎች ደጋግማ አየች። ከዚያ ከስበረው ጆንያ አንድ አወጣች።

«ይሰበር?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ!»

ቀጭ አለ። ነርሷ አሸተተችው። «እነዚህን ስድስቱን እወስዳለሁ። ሌላውን አልነካም።»

ስበረው ጆንያውን አላነሳችም። ወደ ጥላው ሄዳ ባለታንኳው ፊት ቆመች።

«ተነሥ። አስረካቢው አንተ ነህ።»

«ዛሬ ገና ትዝ አልኩሽ?»

«ረስቼህ አላውቅም። ፈርቼ ነው።»

ወስፌውን መረቡ ላይ ሰካና ተነሣ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። የመጀመሪያውን ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ በገበያው መሐል አለፈ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ነርሷም ሁለት እጇን ዘርግታ ከእጁ ተቀበለችው።