እጇን ያወጣችው ልጅ

የበያጁ ጆሮ ከብረት መሞረጃው ግራይንደር ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ፣ ሥራ ላይ ሳለ ከሰው ሁሉ ድምፅ የሚሰማው የሴት ልጁን ብቻ ነበር። ሰፈሩ «እሜቴ ለምን» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ብየዳ ቤቱ ከመኖሪያቸው ጋር በአንድ ግቢ ስለሆነ፣ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ትቆምና ያን ሁሉ የብረት ሁካታ በአንድ ጩኸት ጸጥ ታሰኘዋለች።

«አባዬ! ብረት ሲግል ለምን ይቀላል? ሲቆይስ ቀዩ የት ይሄዳል?»

ቀዩ የት እንደሚሄድ እሱስ መች ያውቃል! ማሽኑን አጥፍቶ፣ ጭምብሉን ገልጦ ይስቅና ወደ እናቷ ይልካታል፤ ፋርማሲ የምትሠራው እናቷም መልሳ ወደ እሱ ትሰዳታለች። አንዱን ብቻ ግን አጥብቆ ነግሯታል። «ቀዩ ቢጠፋም እሳቱ ብረቱ ውስጥ ተደብቋል። የጠቆረ ብረት አይተሽ እንዳትነኪ።» ልጅቷ ይህን ለሰፈር ልጆች ሁሉ ስታስተምር ከረመች።

ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ ባልና ሚስት አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ይቺ ልጅ የትም አትጣልም። ከተባሉት ሁሉ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ቀሩ። ሁለቱም በትምህርታቸው የተመሰገኑ ነበሩ።

የመጀመሪያው ገና ከበሩ ይንጫጫል። አንዲት መምህርት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጆች ከበዋት፣ ቀንድ አውጣ ይተኛል አይተኛም በሚል ይሟገታሉ። እሜቴ ለምን የአባቷን እጅ አስለቅቃ መሀላቸው ገባች። «ዓይኑን ሳይጨፍን እንዴት ይተኛል?» ስትል መምህርቷ ተንበርክካ፣ ዓይን ለዓይን እያየቻት፣ «እኔም አላውቅም፤ አብረን እንይ» አለቻት።

እናትየው አንጀቷ ራሰ። በያጁ ግን ፊቱን ቋጠረ። «መምህር ተብላ አላውቅም ትላለች እንዴ? ይሄ ትምህርት ቤት ነው ገበያ?»

ሁለተኛው ዝንብ ብታልፍ የሚሰማበት ቦታ ነው። ኮሪደሩ ያብረቀርቃል። ዳይሬክተሯ አንዱን ክፍል ስትከፍት ልጆቹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ፤ ስትዘጋው ወንበር እንኳ አልተንቋቋም።

«እኛ ዘንድ እጁን ሳያወጣና ሳይፈቀድለት የሚናገር ልጅ የለም» አለች።

በያጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደነቁረው ከኖረው ነገር ያረፈ መሰለው። ልጁ ሳትጮህ የምትሰማበት፣ ጠረጴዛና መጋረጃ ያለው ኑሮ እዚያ ኮሪደር ጫፍ ላይ ታየው። ምኞቱስ ምን ክፋት ነበረው? ሚስቱ ደጅ ሲወጡ «ልጆቹን አየሃቸው? ትንፋሻቸውን የዋጡ ይመስላሉ» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ጎበዝ የሚወጣው ከዚህ ነው» አላትና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ጎበዝ ወጣች፤ መች ቀረ! ከክፍሏ አንደኛ ሆነች። ጥያቄዋ ግን መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ መጮኋን ተወች። እናትየው «ይቺን ልጅ ምን ነካብኝ?» ስትል እሱ «አደገች ነዋ!» ይላታል። አንድ ቀን እንግዶች በተቀመጡበት ማዕድ ላይ እጇን አወጣች። በያጁ ደስታው ልክ አጣ። «ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው!» አለና፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «ተፈቅዷል» አላት። ውሃ ነበር የፈለገችው። እንግዶቹ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱም ደንብ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ዕለት እናትየው ሥራ ገብታለች። በያጁ ለአንድ ቸኳይ ደንበኛ የመስኮት ፍሬም እየሠራ ነው። በይዶ የጨረሰውን ክፈፍ እንዲበርድ ወለሉ ላይ አጋደመው። ቀዩ ጠፍቶ ጠቁሯል። ጭምብሉን እንደደፋ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ብረት ዞረ፤ ግራይንደሩም መጮህ ጀመረ። ገና መራመድ የለመደው ትንሹ ልጁ፣ የእሜቴ ለምን ታናሽ ወንድም፣ እየተውተረተረ መግባቱን አላየም።

ግራይንደሩን ሲያጠፋ የሰማው የሕፃኑን ጩኸት ነው። ዞር ሲል ልጁ በሁለት መዳፉ የጠቆረው ብረት ላይ ተደፍቷል። ደጃፉ ላይ ደግሞ እሜቴ ለምን ቆማለች። ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ አውጥታለች፤ ስለደከማት በግራዋ ክንዷን ደግፋዋለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

ሐኪም ቤት ሐኪሙ ነገሩን አላለሳለሰውም። የግራው መዳፍ ይድናል። የቀኙን ጣቶች ግን ቆዳው ሲሽር ተኮማትሮ ይይዛቸዋል፤ እንደ ልብ ላይዘረጉ ይችላሉ። እናትየው የፋርማሲ ጋዋኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ሕፃኑን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች።

«ጸጥታ አልነበር የፈለግከው?» አለችውና ወደ ልጇ ገባች።

በያጁ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሐኪም ቤቱም ኮሪደር ያብረቀርቃል፣ ጭጭ ብሏል። ልጅቷ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ትኩስ መሆኑን ታውቂ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም፣ የኔ እናት?»

«እጄን አውጥቼ ነበር። አላየኸኝም።»

 በያጁ ያቺ ወለል ላይ የነበረችው መምህርት እንዳደረገችው ተንበረከከ፤ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። 

«ከዛሬ ጀምሮ ጩኺ። ለምን በይ። ማንንም አታስፈቅጂ፤ እኔንም ቢሆን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

 ልጅቷ ቀስ ብላ ቀኝ እጇን አወጣች።  ለበያጁ ያቺ የድሮዋ «እሜቴ ለምን» ተመልሳ የመጣች መሰለው።

«በይ ጠይቂኝ፣ እናቴ! የፈለግሽውን ጠይቂኝ!»

«አይ» አለች ልጅቷ፣ እጇን ሳታወርድ። «እሺ ለማለት ነው።»