ርካሹን የነገረን ሰው

«መቶ ሃያ ሺህ» አለ ፈቀደ፣ ድምፁን ከንፍሮው ሳህን እንዳያልፍ ዝቅ አድርጎ። «ሞተሩ መውረድ አለበት፣ እሙዬ። ብሎኩ ሳይሰነጠቅ አልቀረም።»

እምነት ድንኳኑ ጥግ፣ ከእናቷ ፍራሽ ጎን ተቀምጣለች። አባቷ ሳህሌ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፈቀደ መካኒክም የዕድሩ አባልም በመሆኑ፣ ሲያስተናግድ ውሎ ማረፍ ሲገባው፣ እናቷ ወይዘሮ መሰለች ለምናው ግቢ ውስጥ የቆመችውን ላዳ አይቷት መጣ። ዋጋውን ስትሰማ የእምነት ልብ፣ ለቅሶ ላይ መሆኗን ረስታ፣ ዘለለ። ሌባ ነው! አለች በሆዷ። ሌባ ከሆነ ደግሞ ተስፋ አለ።

ቤቱን ያቆመችው ያቺ አሮጌ ላዳ ናት። እምነት ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ሠርታ የምታገኘው ለኪራዩ እንኳ አይደርስም። የአባቷ ወዳጅ የሆነው ሹፌሩ ዚያድ፣ ላዳዋ ከተነሳች ከሰኞ ጀምሮ ይዟት እንደሚሠራ፣ የዕለት ገቢም እንደሚያስገባላቸው ቃል ገብቷል። ካልተነሳች ግን እሱም የሚያበላው ቤት አለው፤ ሌላ መኪና ይይዛል። ሳህሌም አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ኮፈኗን ዘግቶ «ጓርኒሲዮኗ ናት፤ ከሞተሩና ከላይ ከሚከድነው ቴስታታ መሃል የምትገባዋ ስስ ነገር። ሲሻለኝ እቀይራታለሁ» ብሎ ነበር።

ሳህሌ ካለ ደግሞ አለ ነው። ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ ያለ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሁሉ፣ ጋራዥ ዋጋ ሲጠሩበት «እስቲ ሳህሌን ልጠይቅ» ይል ነበር። ይህን ሲሰሙ ዋጋ የሚቀንሱ መካኒኮች እንደነበሩ ሹፌሮቹ ዛሬም እዚያው ድንኳን ውስጥ እያነሱ ይስቁና፣ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ይይዛሉ። ምክሩ አጭር ነበር። «ገና ከመነሻው ሞተር ይውረድ የሚልህን አትመን። ሁለተኛ ሰው ጠይቅ። የመጀመሪያውን ዋጋ ግን እንዳትነግረው!»

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ሰው በራሱ እግር መጣ። ሰይፈሥላሴ ይባላል፤ ቃሊቲ ጋራዥ አለው። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ፣ ትንሽ አልቅሶ ሲወጣ እምነት ተከተለችው። ኮፈኑን ከፈተ፤ የዘይቱን መለኪያ መዘዘ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። «አባትሽ ምን ነበር ያለው?»

«ጓርኒሲዮን ናት ብሎ ነበር።»

«በቃ፣ ጓርኒሲዮን ናታ! ሳህሌ ተሳስቶ ያውቃል እንዴ? አሥራ ስምንት ሺህ ብር፤ ያውም የሳህሌ ቤት ሆኖብኝ።»

እምነት ወደ ድንኳኑ የተመለሰችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው። በእናቷ ጆሮ ስትነግራት፣ መሰለች ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ወደ ምግብ ሰደደች። እምነትም ንፍሮ ዘገነች። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ሐኪሙ ነግሮት ነበር አሉ።»

«ታዲያስ! ቀዶ ጥገና ቢሉት እምቢ አለ። ለዚያች ቆርቆሮ ብሩን ያልሰሰተ ሰው ለገዛ ሆዱ ሰሰተ።»

«እኔን የሚገርመኝ፣ እቴ፣ ተው የሚለው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም ወይ?»

ነበረ። እምነት ነበረች። የመጀመሪያው ሐኪም ሆዱ ውስጥ ዕጢ እንዳለና ቶሎ መውጣት እንዳለበት ሲነግራቸው አብራው ገብታለች። በላዳዋ ሲመለሱ ሳህሌ መሪውን እየመታ ሳቀ። «ሰምተሻል? ገና ከመነሻው ሞተር ይውረድ! ጋራዥ ነው እኮ፣ ነጭ ይለብሳሉ እንጂ።» እሷም ሳቀች። ሁለተኛ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ የደበቀችው እሷ ናት። ያኛውም ቀዶ ጥገና አለ። «ተነጋግረዋል» አለ ሳህሌ። ሦስተኛው አንዲት ጠባብ ክሊኒክ ነበረች። የደከመው ሰውዬ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «ጨጓራ አለብዎት?» ብሎ ጠየቀ። «የቆየ ነው።» «በቃ፣ ጨጓራዎ ነው።» ኪኒኑን ገዝተው ሲወጡ ደስታቸው ለጉድ ነበር፤ ሳሪስ ወርደው ጭማቂ ጠጡ። «አየሽ? ሰው መጠየቅ ነው!» አላት። አየሁ፣ አባባ፣ አለችው። ይህ ከሆነ ገና አምስት ወሩ ነው።

አባትሽ ምን ነበር ያለው? በቃ፣ ጓርኒሲዮን ናታ! ሰይፈሥላሴም እንዲሁ ጠይቆ ነበር የመለሰላት።

የዘገነችውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ፈቀደን ከድንኳኑ ጠራችው። «ጋሽ ፈቀደ፣ ይክፈቱልኝ። በዓይኔ ልየው።»

«ዛሬ? በሳልስቱ? ሰው ምን ይላል፣ እሙዬ?»

«ይበል።»

ሰውም አለ። መፍቻው መጮህ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ አፍ ብቅ ብለው «ጉድ እኮ ነው! አፈሩ ሳይደርቅ መኪናውን ይበልቱት ጀመር» አሉ። «ወራሽ ቸኮለች» አለ ሌላ ድምፅ። እምነት ጥቁር ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ ቆመች። ሐኪሞቹ ዘንድ እሷ ያደረገችውን የሚያውቅ ቢኖር ከዚህ የባሰ ይላት ነበር።

ቴስታታው ተነሳ። ጓርኒሲዮኗ ደህና ነበረች። ፈቀደ ብሎኩን በጨርቅ ጠርጎ የስልኩን መብራት አበራበት። መሃል ለመሃል፣ ከፀጉር የማይወፍር መስመር ወርዷል።

«ጥፍርሽን ሳቢበት።»

ሳበች። ጥፍሯ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«እንዲህ ሆና ነው ስትሠራ የነበረው?»

«ውሃ እየጨመረ ይነዳት ነበር። ያውቅ ነበር እኮ፣ እሙዬ፣ እንዴት አያውቅም? ማወቅ አልፈለገም እንጂ።»

«መቶ ሃያ ያሉኝ…»

«የእጄን ሳላስገባ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ብሩን ብታገኚውም አታውጪው። ይቺን አሠርተሽ ሳትጨርሺ ካምቢዮዋ ይከተላል። የብረቷን ዋጋ ያዢ።»

እምነት ፊቱን ፈተሸች። እንዲዋሻት ፈልጋ ነበር። የሌባ ምልክት፣ የዓይን መሸሽ፣ አንዲት ነገር ብታገኝ ትበቃት ነበር። አላገኘችም።

«ሌላ ሰው ልጠይቅ?» አለች፣ እንደ ልጅ በሆነ ድምፅ።

«ጠይቂ። ጓርኒሲዮን ናት የሚልሽ አታጪም።»

ዚያድ ከሹፌሮቹ መሃል ሲያያት ቆይቶ ነበር። ሄደችና «ሌላ መኪና ያዝ፣ ወንድሜ» አለችው። አንገቱን ደፋ። መሰለች ከፍራሹ ላይ ሆና «ምን አለ?» አለች። እምነት፣ አትነሳም በሚል፣ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ዳግመኛ ጮኻ አላለቀሰችም፤ ጋደም ብላ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

ወደ አሥር ሰዓት ድንኳኑ መነሳት ጀመረ። የዕድሩን ወንበርና ብረት ሊጭን የመጣው መኪና ግን ላዳዋ መግቢያውን ይዛበት ቆመ። አምስት ወንዶች ሊገፏት ኋላዋን ያዙ።

«አንድ ሰው መሪ ይያዝ!» አለ ፈቀደ።

ተያዩ። በሳህሌ ወንበር ለመቀመጥ ማንም ንቅንቅ አላለም።

እምነት በሩን ከፍታ ገባች። ወንበሩ ለሳህሌ ረጅም እግር ወደ ኋላ የተገፋ ነው፤ እግሯ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ከሥር ያለችውን ብረት ብትስባት ወንበሩ ወደ ፊት ይመጣል። ጎንበስ ብላ ብረቷን ያዘቻት። ቆየች። ከዚያ ለቀቀቻትና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ እግሯን እስከቻለች ዘርግታ፣ ፍሬኑን በጣቶቿ ጫፍ እየፈለገች፣

«ግፉ» አለች።