የስምንት ሰው ተራ

ሽታዬ ያንን ቃሬዛ ማየት አትወድም ነበር። ከጥሩምባ ነፊው ከኤርሳዶ ቤት ክፈፍ ስር፣ ዝናብ እንዳይነካው፣ ሁለቱ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ። ወደ ምንጩ ለመውረድ በዚያ ደጅ ማለፍ ግድ ነው። እዚያ ስትደርስ እንስራዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ እንሰቱ ታዞራለች። ባሏን ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰዱት በሱ ነበር። ሲሄድ አፉን ሞልቶ እያወራ፣ ላሟን ማሰር እንዳትረሳ እያዘዛት ነው የሄደው። በሦስተኛው ቀን በዚያው ቃሬዛ ተሸፍኖ መጣ።

መንደሩ ከገሱባ ከተማ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። መኪና የሚደርሰው እላይ እስከ አፋፉ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች እግር እንጂ ጎማ አይወርድም። በሽተኛ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ነው የድሮዎቹ ሽማግሌዎች ተራ ያበጁት። ሠላሳ ሁለቱን አባወራ በስምንት በስምንት ከፈሉት። ሳምንቱ የደረሰበት ስምንት ሰው ከመንደር አይርቅም። ገበያ አይወጣም፣ ሩቅ ለቅሶ አይሄድም፣ የኤርሳዶ ጥሩምባ ከሚሰማበት አያልፍም። የግድ ከሆነበት ምትክ ሰው አቁሞ ይሄዳል። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ እየተከተሉ ይቀበላሉ። ሴቶቹ ደግሞ ክረምት ሲወጣ ቃጫ እየገመዱ የቃሬዛውን ገመድ ያድሳሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እሑድ እሑድ በየፊናው ይሄዳል፤ ቃሬዛው ስር ግን አብሮ ነው የሚያልበው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ለወረዳው አምቡላንስ መጣ። ቀበሌው ሕዝቡን ሰበሰበ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምሕረት የሚደወልበትን ቁጥር በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"እንግዲህ የኔ ትከሻ ጡረታ ወጣ" አለ ደገፉ፣ ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰውዬ። "አምና ያቺን የአክስቴን ልጅ ስሸከም የሄደ ወገቤ እስከዛሬ አልተመለሰም።"

"አንተ ደግሞ መቼ ተሸከምክ?" አለው ኤርሳዶ። "ከኋላ ሆነህ 'አይዟችሁ' ስትል ነው የማውቅህ።"

ሰው ሳቀ። ምሕረት ግን አልሳቀችም። "ስሙኝ፣ መኪናው አንድ ነው። የወረዳው ሰው ሁሉ ነው የሚጠራው። ደግሞ እዚህ ድረስ አይወርድም። ተራችሁን አትተዉ፣ ቃሬዛውም ይቆይ" አለች።

ያኔ ሽታዬ ተነሳች። ሽታዬ በዚያ መንደር የምትከበር ሴት ነበረች። የታመመ ቤት ሳትጠራ ትገባለች፣ የሁሉንም ቤት ሬሳ አጥባለች፣ ጴንጤዎቹም ሳይቀሩ "እማማ ጸልዪልን" ይሏታል።

"ልጄ ምሕረት፣ አንቺ ተምረሻል፣ እኔ አልተማርኩም" አለች። "ግን ስንት ዓመት ለመንን? ለመንነው፣ እሱም ሰጠን። ከሰጠን በኋላ ያንን የሬሳ እንጨት ሰቅለን ብንቀመጥ አላመንንህም ማለት አይደለም ወይ? የመከራ ዕቃ ደጃችን ሰቅለን የምንጠብቀው ምን እንዲመጣ ነው? ይፍረስ። ይፍረስና እግዚአብሔርን እናመስግን።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እጅ አውጡ ሲባል እጅ ያላወጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ኤርሳዶ አጣናዎቹን ወስዶ ያዘመመ በረቱን ደገፈባቸው። ተራውም በዚያው ቀረ። በመጀመሪያው ወር መኪናው ሁለት ወላድና አንድ ወባ የያዘው ሕፃን ወሰደ፤ ሦስቱም በደህና ተመለሱ። ያኔ በመንደሩ ሰው ስላልጠፋ፣ የተገኘው ሁሉ እየተጋገዘ እስከ አፋፉ አወጣቸው። ሽታዬም ወደ ምንጩ ስትወርድ ፊቷን ማዞር ተወች።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ የብሩ ሚስት አስካለች ምጥ ያዛት። ብሩ ቦዬ የሚሉትን ሥር ሊሸጥ በአህያ ጭኖ ጎህ ሲቀድ ገበያ ወጥቷል። እሷው ናት "ገና ሁለት ሳምንት አለኝ፣ ሂድ" ያለችው። ሽታዬ ስትደርስ ልጅቷ ልትወለድ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ተወለደች፤ ድምፅዋ የጠራ፣ ጤነኛ ልጅ። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ቆዩ፣ ጠበቁ፣ አልወጣም። ደሙ መጣ። ሽታዬ ብዙ ወላድ አይታለች፤ የዚያን ዓይነት ደም ምን እንደሆነ ታውቃለች። በሶዶ የሚያስተምረው ልጇ ዘላለም የገዛላትን ስልክ አውጥታ ምሕረት ጋ ደወለች። ምሕረት ያን ቀን ለስብሰባ ከተማ ነበረች።

"እማማ፣ እንዳትጎትቱት። ሕፃኗን ጡት አስይዟት። አሁኑኑ ወደ አፋፉ አውጧት።"

"መኪናውስ?"

"ሌላ ወላድ ይዞ ሶዶ ሄዷል። እደውልለታለሁ፣ እንዳደረሳት ይመለሳል። እናንተ እስክትወጡ እሱም ይደርሳል። የሚሸከሙ ስምንት ሰዎች ታገኛላችሁ?"

ሽታዬ በበሩ ወደ ባዶው መንገድ አየች።

"እማማ? ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል፣ ልጄ።"

ኤርሳዶ ጥሩምባውን ነፋ። ሦስት ጊዜ ነፋ። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። ወንድ ግን ማን አለ? ሁሉም ገበያ ነው። የመጡት ኤርሳዶ ራሱ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌና ወባ ይዞት የተኛ ጎረቤት ናቸው፤ እሱም ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው።

ኤርሳዶ የበረቱን ድጋፍ ነቀለ። ያው አጣናዎች ናቸው። ገመድ ከላሟም ከፍየሏም ተፈታ። አንዷ ሰሌን አመጣች፣ ሌላዋ ጋቢ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፣ ቃሬዛው እንደ ድሮው ሆነ። ሽታዬ አጠገቡ ቆማ አየችው። እንጨቱማ ይኸው ተገኘ። ስምንቱ ሰዎች ናቸው የሌሉት።

አስካለችን አስተኝተው ሦስቱ ወንዶች ተሸከሙ፤ አራተኛው ማዕዘን ባዶ ቀረ። አንዷ ሴት ሕፃኗን አቅፋ ተከተለች። በዚያ አገር ሴት ቃሬዛ ስር አትገባም። "ነውር ነው" አለች አንዷ። ሽታዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገባች። ስድሳ ዓመት አልፏታል። ሌሎቹም አይተው ተራ በተራ ገቡ። ግን ያልለመደ ትከሻ ነው፤ አንዷ ረዥም ሌላዋ አጭር፣ ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ያዘማል፣ አስካለች ትንሸራተታለች፣ ያወርዳሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ያነሳሉ። ባለ ወባው መንገድ ላይ ተቀመጠ፣ ትተውት ሄዱ።

"ከበድኳችሁ፣ አይደል?" አለች አስካለች።

"ምን ትከብጂያለሽ፣ አንድ እንስራ ውሃ እንኳ አታክዪም" አለቻት ሽታዬ።

"ትዋሻለሽ እንዴ፣ አንቺ የእግዚአብሔር ሰው?" አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ቆይታ "ቡላውን ገና አላዘጋጀሁም። ብሩ ባዶ ቤት ነው የሚገባው" አለች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስካለች በረደኝ አለች። ከቤቷ የያዙትን የብሩን ጋቢ ደረቡላት፣ ነጠላቸውን ደረቡላት። ጴንጤዎቹ በወላይትኛ ጮክ ብለው ይጸልያሉ፤ ሽታዬ በእንጨቱ ስር ሆና በልቧ አባታችን ሆይ ትላለች፣ ግን ግማሽ ላይ እየጠፋት እንደገና ትጀምራለች። ድሮ ስምንቱ ሰዎች ቢሆኑ አሁን አፋፉ ላይ ናቸው። እነሱ ገና ግማሹን አልጨረሱም።

ስምንት ሰዓት ላይ ከገበያ የሚመለሱት ሰዎች ከላይ ታዩ። ከፊት የሚመጣው ብሩ ነበር፣ አህያውን እየነዳ። ማን እንደሆነች የነገረው የለም፤ የቃሬዛውን ጋቢ አየ፣ የራሱ ነው። ሰዎቹ ሸክማቸውን መንገድ ላይ ጣሉ። ጨው ፈሰሰ፣ ዶሮ አመለጠ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ደገፉም ነበረ። አራቱ ከሴቶቹ ትከሻ ላይ ተቀበሉና ሮጡ። እየተቀባበሉ፣ ሳያወርዱ፣ ያንን ዳገት በሩጫ ወጡት።

ሽታዬ ከኋላ የአስካለችን እግር ይዛ ትሮጣለች። በመሐል እግሩ በእጇ ውስጥ ሌላ እግር ሆነ። ስንቱን ሬሳ ያጠበች ሴት ናት፣ አወቀች። ሰዎቹ "ደረስን፣ አይዞሽ አስኬ፣ ደረስን" እያሉ ይሮጣሉ። ብሩ ከፊት ነው፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል።  ሽታዬ አልነገረቻቸውም፤ እግሩን እንደያዘች አብራቸው ሮጠች።

መኪናው አፋፉ ላይ ቆሟል። በሩ ተከፍቷል። ሾፌሩ ወደ እነሱ እየሮጠ መጣ። "ከሰባት ሰዓት ጀምሮ 'አሁን ደረሱ' እያልን እየጠበቅናችሁ ነው" አለ። ሊወቅሳቸው አይደለም፣ ግራ ስለገባው ነው። አብራው ያለችው ነርስ ጋቢውን ገለጥ አደረገች፣ አንገቷን ነካች፣ ከዚያ መልሳ ሸፈነች።

በለቅሶው ሰው ሁሉ ሽታዬን አመሰገናት። ያቺ ባልቴት በዚያ ዳገት ተሸከመቻት፣ ይባባላል። ብሩ እጇን ይዞ "እማማ፣ እንደ ወለደቻት እናት ሆነሽላታል። እግዚአብሔር ይክፈልሽ" አላት። ሽታዬ እጇን ሳብ አድርጋ ወጣች። የንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ተናገረች። ስግደት አዘዟት፣ ሰገደች። ጾመች። ግን ማታ ማታ ስትጸልይ ለእግዚአብሔር የማትዋሸው ነገር ነበር። ያን ቀን በስብሰባው የተናገረችው እምነት አልነበረም። ያንን እንጨት ማየት ጠልታ ነው። ስሙን እምነት አለችው፣ ሰውም አመናት።

አርባው ካለፈ በኋላ በየቤቱ መዞር ጀመረች። ቃሬዛውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው የምትፈልገው። አንዱ እሺ ይላታል፣ ሌላው "ሁለተኛ መኪና ሊመጣ ነው ይላሉ" ይላታል፣ ሌላው "መንገዱ ሊቆረጥ ነው፣ ተለክቷል" ይላታል። ብሩ ሕፃኗን እንደታቀፈ፣ ሳትጠይቀው "እኔን ለመጀመሪያው ሳምንት ጻፉኝ" አላት። አምስት ሰው ካገኘች በኋላ ደገፉ ደጅ ደረሰች። የዶማ እጀታ ይጠርባል።

"የገበያ ቀን ቅር ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"ያኔስ ተራው ይቅር ያለው ማን ነው?" ደገፉ ዛሬ አይቀልድም። "ተነስተሽ የሬሳ እንጨት ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ያቺ ልጅ ይቆይ ስትል አፏን ያስያዝሻት አንቺ አይደለሽም? እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ የኔን ማን ይሰማል። ያንቺን ነው የሰማነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ነውር አታውቅም?" አለች ሚስቱ ከውስጥ።

"ተዪው፣ ይናገር" አለች ሽታዬ። ደጁ ላይ ድንጋይ ነበር፣ ተቀመጠችበት። "ከቀብሯ ጀምሮ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር። ሁሉም ይመርቀኛል። አንተ ነገርከኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ደገፉ መጥረቢያውን አስቀመጠ።  "እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ያውም ደስ ብሎኝ" አለ።

"በሚቀጥለው ገበያ ትቀራለህ?"

"ወይፈን ልሸጥ ነበር።"

ሽታዬ ከድንጋዩ አልተነሳችም።

"እሺ። እቀራለሁ" አላት።

በገበያው ቀን ስምንት ሊሆኑ ስድስት ሆነው ኤርሳዶ ግቢ ተቀመጡ። ሌላው ሰው አህያውን እየነዳ በፊታቸው አለፈ፤ አንዳንዱ "ዛሬ ሙሽሮች ናችሁ ወይ?" እያለ ይነካቸዋል። ሽታዬ ቦዬ ቀቅላ ከቃሪያ ዳታ ጋር አመጣችላቸው። በሉ። አወሩ። ብሩ ብዙ አላወራም። ኤርሳዶ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አድርጎ አንቀላፋ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልወለደም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበያተኛው ይመለስ ጀመር።

ደገፉ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። "ይኸው፣ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ዋልን" አለ።

"በከንቱ ዋላችሁ፣ ልጆቼ። እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ሽታዬ። ባዶውን ሳህን አነሳች፣ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ እንባዋን ቻለችው። እንሰቱ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች። አንድ ቀን ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ስምንት ሰው፤ አስካለች ያጣችው ይሄን ብቻ ነበር።