የጋራው ግድግዳ

ሰፈሩን ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። እንዲህ የሚለው ግን አድሮበት የማያውቅ ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች እንደ ሰካራም ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ አንዱ ፈቀቅ ካለ ሌላው አለቀለት።

ልብስ ሰፊው እዚያው ተወልዶ እዚያው ሸብቷል። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ቤት የገዛው ባለ መነጽሩ ግን የትናንት ሰው ነው። ገና እንደመጣ እንግዶቹን ሰፈር ሲያስጎበኝ፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክል የነበረውን ልብስ ሰፊ በጣቱ አሳይቶ፣ «እሳቸውም ከሰፈሩ ጌጦች አንዱ ናቸው» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። አንዷማ ፎቶ አነሳችው፤ እንደ አሮጌ ፋኖስ!

«የዚህን ሰው ደፍ ብረግጥ፣ ውሃውን ብቀምስ፣ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ብሎ ልብስ ሰፊው ማለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን እንኳ መልሶለት አያውቅም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከወዲያ በኩል መዶሻ ተጀመረ። ድው! ድው! መጀመሪያ የስፌት መኪናው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ በዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ የኖራ ብናኝ ዘነበ። ቀና ሲል፣ ከጣሪያው ሥር የተነሳ ስንጥቅ በጋራው ግድግዳ ላይ ቁልቁል ወደ እናቱ አልጋ ይወርዳል። እናቱ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከዚያ አልጋ ወርዳ አታውቅም። የብረት አልጋውን ይዞ ቢጎትት ንቅንቅ አልል አለው።

«እኔን ምን ትጎትተኛለህ? ሂድና አስቁመው!» አለችው።

«እማዬ፣ መሐላ አለብኝ።»

«መሐላህ ጣሪያ ይደግፍልኛል?»

ድው! ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሆነ። አፉን ለጥፎበት፣ «አንተ! ተው! ሊወድቅብን ነው!» ብሎ ጮኸ። የመለሰለት የሬዲዮ ዘፈን ብቻ ነው።

ሮጠ። የባለ መነጽሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ ሲደርስ እግሩ ቀጥ አለ። ባለ መነጽሩ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ፣ የገዛ ቤቱን የውስጥ ግድግዳ ነቅሎ ጨርሷል። ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ የተሸከመው አንድ ምሰሶ ብቻ ነው። የግንዱ ጫፍ ደግሞ የተሰካው በጋራው ግድግዳ ላይ፣ ከእናቱ ራስጌ በላይ ነው።

«ተው! እናቴ ከወዲያ ናት!»

ሰውየው አልሰማም። መዶሻውን አነሳ።

ልብስ ሰፊው ደፉን ዘለለው። መዶሻው ግን ቀደመው፤ ምሰሶው ከሥሩ ተንሸራተተ፣ ግንዱ አቃሰተ። ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ተዘርግቶ ጀርባውን በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ፣ ሁለት እግሩን ከምሰሶው ሥር አጋጥሞ ገተረ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሳሎኑን ሰፋ ላድርግ ብዬ...»

«ጋሼ አትበለኝ! ጌጥ ነኝ፣ ጌጥ አይናገርም! አናጢ ጥራ! ሂድ!»

ሰውየው በረረ። ልብስ ሰፊው ብቻውን ቀረ። አቧራው ምላሱን ከላንቃው አጣብቆታል። ከላይ አፈር ሽር ባለ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ልጄ፣ አለህ?» አለች እናቱ በስንጥቁ በኩል።

«አለሁ።»

«የት ነው ያለኸው?»

«እሱ ቤት።»

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

«እሰይ!»

አናጢዎቹ ደርሰው ግንዱን በሁለት ወፍራም እንጨት ሲደግፉት፣ ልብስ ሰፊው ለመነሳት ሞክሮ አቃተው። ባለ መነጽሩ ብርጭቆ ውሃ አቀረበለት።

«ይጠጡ።»

ፊቱን አዞረ። «መሐላ አለብኝ።»

«ጠጣ፣ አንተ ግትር!» አለ ግድግዳው። «ግማሹን አፍርሰኸው የለ!»

ጠጣ። ውሃው ዝገት ዝገት ይላል፤ ከራሱ ቤት ውሃ በምንም አይለይም። ብርጭቆውን መለሰ። እግዜር ይስጥልኝ ግን አላለም።

«ስንጥቁን አሁን እንዳትደፍነው» አለው። «እናቴ የምትልህ አላት።»

ከግድግዳው ወዲያ አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።