ለኢፍቱ የተላኩ ሽማግሎች

ሽታዬ አንድ ነገር ከያዘች የሚያስለቅቃት የለም፤ እንዲህ ያለች ጎረቤት ትብዛ! በሰፈሯ በበቾ ቦሬ ጉሊት ላይ ጎመን ዘርግታ ትውላለች፤ ሰሞኑን ያንገበገባት ግን የገበያው ነገር አልነበረም። የጎረቤቷ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ሞግዚት ኢፍቱ፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ፣ ሕፃን አዝላ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ሲያልፍ ቆማ ታያለች። ጥሩወርቅ ልጅቷን ከአጋሮ ገጠር፣ ከቡና ለቃሚ አባቷ እጅ ስትቀበል «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ» ብላ ነበር። አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ፤ የዘንድሮውም ምዝገባ ነገ ሊዘጋ ነው።

ሽታዬ ጥሩወርቅን ጠጋ ብላ ስለ ምዝገባው ብትነግራት፣ «ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል? አንቺ ጎመንሽን ሽጪ» አለቻት። ሽታዬ እርር ድብን አለች። ግን ብልህ ናት፤ ጥሩወርቅ ቀበሌን ባትፈራ እንኳ ሽማግሌ ከደጇ እንደማትመልስ ታውቃለች። ማንስ ደፍሮ ሽማግሌ ይመልሳል?

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ አብዱልፈታሕን እና የእድሩን ዳኛ አቶ ዓምደሚካኤልን ይዛ ሄደች። ሦስተኛዋ ሽማግሌ ራሷ ሆነች። ሴት ለሽምግልና ስትላክ የት አገር ታይቷል ቢሏት ምን ገዷት!

ጥሩወርቅ እህቷን ናዝራዊትን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ወንበር አቀረበች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ማንን? ለማን?»

«ኢፍቱን፣ ለትምህርት ቤት።»

የጥሩወርቅ ፊት ተለዋወጠ። የቢሮ ሥራዋን አነሳች፣ የሕፃኑን ነገር አነሳች። ሽማግሎቹ እንደቆሙ ናቸው። ሐጂ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ወንበሩን ግን ዞር ብለውም አላዩት።

«ሕፃኑ እኔ ጋ ይዋል» አለች ሽታዬ። «አምስት ልጅ ያዘለ ጀርባ ስድስተኛው አይከብደውም።»

ጥሩወርቅ አቀረቀረች። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሴት አይደለችም፤ የራሷ ጣጣ ቃሏን አስረስቷት ነው። አፈረች።

«እሺ፣ ፈቅጃለሁ። በሉ ተቀመጡ» አለች።

«ገና ነው» አሉ ሐጂ፣ ሕፃኑን አዝላ በር ላይ የቆመችውን ኢፍቱን እያዩ። «ልጅቱ ሳትጠየቅ ኒካሕ እንኳ አይታሰርም። ኢፍቱ፣ አንቺስ ፈቅደሻል ወይ?»

እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ፈቃዷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደችና ለሽታዬ አቀበለቻት።

«ኤዬ፣ አዎ ፈቅጃለሁ» አለች። «የጠዋቱ ፈረቃ ግን ይሁንልኝ።»